ያለ ጠመንጃ የሚገኝ ግዳይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ወዳጄ ጋራ ሸዋ ሮቢት ለቁርስ ወርደን ነበር። ገና በማለዳው ሙቀቱ ኮት ያስወልቃል፤ በመንገዱ ዳር የሽንኩርት ጆንያ ተደርድሯል። ወደ ምዕራብ ቀና ሲሉ ግን የመንዝ ተራራ ደመና ተከናንቦ ይታያል። ወዳጄም ያን አይቶ «ምነው ጠመንጃዬን ይዤ በመጣሁ!» አለ።

አልፈረድኩበትም። በአባቶቻችን ዘመን አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው ይፎከርለት፣ ይዘፈንለት ነበርና። ዛሬ ግን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ በጠመንጃው ፈንታ የሩቅ ማሳያ መነጽር አስያዝኩትና ወደ መንዝ ጓሳ ይዤው ወጣሁ።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ነው። ደብረ ሲናን አልፈው፣ ጣርማ በር ደርሰው ወደ መሐል ሜዳ ሲታጠፉ፣ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ይጠብቅዎታል። ጠዋት ኮት ያወለቀ ሰው ማታ ጋቢ ይለምናል!

በዚያ ሜዳ ጭላዳው በመንጋ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። ጢማሙ አሞራ አጥንት ከሰማይ በድንጋይ ላይ እየጣለ ይሰብራል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮም አይጥ እያደነ ይዞራል፤ በዓለም የቀሩት ጎልማሳ ቀበሮዎች 500 ያህል ብቻ ናቸው። ወዳጄ መነጽሩን ከዓይኑ ማንሣት አቃተው።

ይህ ሁሉ እንዲያው የተረፈ አይደለም። መንዞች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዐት ሜዳውን ሲጠብቁ ኖረዋል። በአባ ቄራው ትእዛዝ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይታጨዳል። ሥርዐቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ በኋላ አዲስ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መልሶ አቁሞታል።

ወዳጄ አንዱን ጠባቂ «ይህን የመሰለ መሬት ለምን አታርሱትም?» ብሎ ጠየቀው። ሰውዬውም ፈገግ ብሎ «አባቶቻችን አርሰውት ቢሆን ኖሮ፣ እርስዎ ምን ሊያዩ ይመጡ ነበር?» አለው።

እኔ ደግሞ አንድ ልጨምር። ከጓሳ ጫፍ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ውኃ በይፋት ቆላ አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ሣሩ ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል፤ ደጋው ቢራቆት ጉዳቱ ለቆላው ገበሬም ይተርፋል።

ለመሄድ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ፤ ወፍራም ልብስና ጠንካራ ጫማ ይያዝ፤ ከአካባቢው መሪ ጋራ ይጓዝ፤ ከአውሬው ይራቅ፤ ውሻም አያስከትል፤ የውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን ይፈጃልና።

ስንመለስ ወዳጄ ሸዋ ሮቢት ሻይ ቤት ተቀምጦ «ሦስት ቀይ ቀበሮ!» እያለ ሲፎክር ሰማሁት። ሦስቱም ግን በሕይወት ነበሩ።