ስለ አገር መሪ አመራረጥ

አንድ አገር መሪውን የሚያገኝበት መንገድ አስቀድሞ በሕግ ካልታወቀ፥ ጉዳዩን የሚፈርደው ጦር ነው። ይህን ለመረዳት በላስታና በመቄት ደጋ የሚኖር ሰው ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። ከዋግና ከላስታ የተነሡት ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ቢነግሡም፥ በሐምሌ ወር 1863 ዓ.ም. በአድዋ አጠገብ ድል ሆነው ዘውዱ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ ለተባሉት ለደጃዝማች ካሣ አለፈ። ደግሞም ከፍላቂት ወደ ደብረ ታቦር ለሚጓዝ ሰው በደብረ ዘቢጥ በኩል ያለው የአንቺም ሜዳ ምስክር ነው። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በዚያ ሜዳ ወደቁ፤ ቀድሞ ባለቤታቸው የነበሩት ንግሥት ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ።

በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ዘውዱን ለአንድ ቤት በጽሑፍ ወሰነ። ነገር ግን ሕዝቡ ገዥውን በሰላም የሚለውጥበትን በር ስላልከፈተ፥ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዘውዱ በወታደር እጅ ወረደ።

የሌሎቹን አገሮች ሥርዓት የተመለከትን እንደ ሆነ መንገዱ ልዩ ልዩ ነው። በእንግሊዝ አገር ንጉሡ በውርስ ይነግሣል፤ መንግሥቱን የሚመራው ግን በሕዝብ ምክር ቤት ብዙ ድምፅ ያለው ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። በአሜሪካ 538 ወኪል መራጮች አሉ፤ ለማሸነፍ ቢያንስ የ270ዎቹን ድምፅ ማግኘት ግዴታ ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ መመረጥም ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። የፈረንሳይ ሕዝብ ፕሬዚዳንቱን ራሱ ይመርጣል፤ በመጀመሪያው ዙር ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ ሁለቱ የበለጡት እንደ ገና ይወዳደራሉ። ኬንያ ደግሞ ከጠቅላላው ድምፅ ከግማሽ በላይ፥ ከ47ቱም አውራጃዎች ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ ቢያንስ ከመቶ 25 እንዲገኝ ትጠይቃለች፤ ይህም መሪው የአንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን ነው። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሽሮ ድጋሚ እንዲደረግ ባዘዘ ጊዜ መንግሥቱ ፍርዱን ተቀበለ።

ካህናትም የሚያውቁት ሌላ ምሳሌ አለ። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን በ2005 ዓ.ም. ፓትርያርኳን የሾመችው፥ በምርጫ ከቀረቡት ከሦስት አባቶች አንዱን ዓይኑ የተሸፈነ ሕፃን በዕጣ አውጥቶ ነው፤ ዕጣውም እንደ ማትያስ ዕጣ ክርክሩን ዘጋ።

በነሐሴ 1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ እንደራሴዎችን በየአምስት ዓመቱ እንዲመርጥ፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከእነርሱ መካከል እንዲመረጥ ይደነግጋል። ለፕሬዚዳንቱ ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ አይፈቅድም፤ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን እንዲህ ያለ ገደብ አላኖረም፤ ይህም ሊቃውንት ሊመክሩበት የሚገባ ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። አመራረጡ ቢለያይም፥ የጸናው መንግሥት ሁሉ ሥርዓቱ ከዕለቱ በፊት የታወቀ፥ የተሸነፈውም በሰላም ወደ ቤቱ የሚመለስበት ነው። በ2012 ዓ.ም. ስለ ምርጫው ጊዜ የተነሣው ክርክር ከሌሎች ምክንያቶች ጋራ ተጨምሮ እስከ ምን እንዳደረሰ፥ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት እስከ ጋሸና ሲደርስ ያየ የመቄት ገበሬ አይረሳውም።

እንግዲህ ሹማምንት ድምፅ ሲመዘግቡና ሲቈጥሩ፥ የሚጠብቁት ወረቀት ብቻ ሳይሆን የሰው ደም መሆኑን ያስቡ። ካህናትም ለአንዱ ወገን ሳያደሉ፥ ያሸነፈውን ትሕትና የተሸነፈውንም ትዕግሥት ያስተምሩ። የአንቺም ሜዳ ከእንግዲህ የሚገባው እርሻ ነውና።