ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሰው ልጅ

ልጅ ጠዋት ከመኝታው ሲነሣ ካስመለሰው በየቤቱ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ወስፋት ነው፤ ቀጥሎ አሜባና ጃርዲያ፤ እነዚህ ካልሆኑ ደግሞ ትምህርት ቤት መሄድ አስጠልቶት ነው ይባላል። ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ስለሆነ እናቶች የሚወቀሱበት ምክንያት የለም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ልጆች መካከል የጥቂቶቹ ሕመም ከሆድ ሳይሆን ከአንጎል የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ የማያጋጥም በመሆኑም የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

ከማጅራት በላይ፣ በራስ ቅል የኋላ ክፍል፣ ሰውነት ሚዛኑን እንዲጠብቅ የሚረዳው ትንሹ አንጎል ይገኛል። ሐኪሞች ሴሬቤለም ይሉታል። በሕፃናት ላይ ከሚነሡት የአንጎል ዕጢዎች ብዙዎቹ የሚበቅሉት በዚሁ አካባቢ ነው። ከፊቱ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን የሚያጥበው ፈሳሽ የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ አለ። ዕጢው ሲያድግ ይህን መንገድ ይዘጋውና ፈሳሹ ተጠራቅሞ አንጎልን ይጫናል። ልጁ ተኝቶ ሲያድር ግፊቱ ስለሚጨምር ራስ ምታቱና ትውከቱ ጠዋት ላይ ይበረታል። ካስመለሰው በኋላ ቀለል ስለሚለው ቁርሱን በልቶ ትምህርት ቤት ሊሄድ ይችላል። እናትን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው።

ትኩሳትና ተቅማጥ የሌለው ትውከት ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ወይም ልጁ ሲራመድ መንገዳገድ፣ ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ መያዝ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ከጀመረ፣ የወስፋት መድኃኒት መደጋገሙ ቀርቶ ጭንቅላቱ እንዲመረመር ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል። እርግብግቢቱ ገና ያልገጠመ ሕፃን ከሆነ ጭንቅላቱ ከልክ በላይ ማደጉን ማስተዋል ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 ሄድስማርት የተባለ ዘመቻ ተጀምሮ ምልክቶቹ ለወላጆችና ለሐኪሞች በሰፊው እንዲታወቁ ከተደረገ በኋላ፣ ከመጀመሪያው ምልክት አንሥቶ በሽታው እስኪታወቅ የሚያልፈው መካከለኛ ጊዜ ከ14 ሳምንት ገደማ ወደ 7 ሳምንት ገደማ ወርዷል።

ሲቲ ስካን ወይም ኤም አር አይ ዕጢው መኖሩንና የት እንዳለ ያሳያል። ስሙን በእርግጠኝነት የሚሰጠው ግን በቀዶ ሕክምና የወጣው ቁራሽ ነው። ቁራሹ ፎርማሊን ውስጥ ቆይቶ በሰም ይያዛል፤ ከፀጉር እጅግ በሳሳ መጠን ይቆረጣል፤ ሰማያዊና ሮዝ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ምልክት ያሳዩ ሁለት ልጆች ዕጣቸው የሚለያየው እዚህ ላይ ነው።

ሕዋሳቱ እንደ ፀጉር የቀጠኑና የረዘሙ ሆነው፣ በመካከላቸውም እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዙ ሮዝ ክሮች ከታዩ፣ ዕጢው ፓይሎሳይቲክ አስትሮሳይቶማ ሊሆን ይችላል። ይህ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ወደ ሌላ ቦታ እምብዛም የማይዛመት ነው። ሙሉ በሙሉ ከወጣለት ልጅ ብዙ ጊዜ ጨረርም መድኃኒትም አይፈለግም፤ ከ100 ልጆች ከ90 የሚበልጡት ከ10 ዓመት በኋላም በሕይወት ይገኛሉ።

ሕዋሳቱ ትንንሽና ክብ፣ እርስ በርስ የታጨቁ፣ ኒውክሊየሳቸውም በሰማያዊው ቀለም የጠቆረ ከሆነ፣ አንዳንዴም እንደ አበባ ቅጠል ዙሪያ ክብ ከሠሩ፣ የሚጠረጠረው ሜዱሎብላስቶማ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1925 ያወጡለት አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ፐርሲቫል ቤይሊና ሃርቪ ኩሺንግ ዕጢው ሜዱሎብላስት ከተባለ ሕዋስ የሚነሣ መስሏቸው ነበር። እንዲህ ያለ ሕዋስ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ስሙ ግን ቀርቷል። በዓለም የጤና ድርጅት አመዳደብ የመጨረሻውን፣ 4ኛውን ደረጃ ይዟል። ዘሩን በአንጎል ፈሳሽ ውስጥ እየበተነ ወደ ጀርባ ይወርዳል፤ ከልጆቹ እስከ ሲሶ በሚደርሱት ላይ በሽታው ሲታወቅ ተዛምቶ ይገኛል።

«ዕጢው ጭንቅላቱ ላይ ሆኖ ሳለ ጨረሩ ጀርባው ላይ ለምን?» የሚለው የወላጆች ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ፓተርሰንና ፋር የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አንጎልና ኅብለ ሰረሰር አብረው ጨረር ሲያገኙ ብዙ ልጆች እንደሚተርፉ አሳዩ። ዛሬ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና የኬሞቴራፒ መድኃኒት ተሟልቶ ከተሰጠ ከ10 ልጆች 7 ያህሉ ይድናሉ። ጨረር የሕፃንን አንጎል እድገት ስለሚጎዳ ከ3 ዓመት በታች ላሉት በተቻለ መጠን በመድኃኒት እየተያዘ ይዘገያል። በዕጢው ዘረ መል ላይ የሚደረገው ምርመራም ሜዱሎብላስቶማን በአራት ቡድን ከፍሎታል፤ ከአራቱ አንደኛው፣ ደብልዩ ኤን ቲ የተባለው፣ በልጆች ላይ በሕክምና ከ90 በመቶ በላይ የሚድን ነው።

ሳይነገራቸው ቀርቶ እናቶችን የሚያስደነግጥ ሌላም ነገር አለ። የሜዱሎብላስቶማ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ልጆች አንድ አራተኛ ያህሉ ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ቀን በኋላ መናገር ያቆማሉ። ይህ ልጁ ስለ ደነገጠ ወይም ስላኮረፈ የሚመጣ አይደለም። ንግግሩ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ግን የአነጋገር ቀርፋፋነት ይቀራል። ከዳኑ በኋላም ቁመታቸውን፣ መስማታቸውንና የትምህርት አቀባበላቸውን መከታተል ስለሚያስፈልግ መምህሩም ሊያውቅ ይገባል።

ቤተሰቡ የፓቶሎጂ ውጤቱን ቅጂ በጽሑፍ ጠይቆ ከልጁ ካርድ ጋር ቢያስቀምጥ መልካም ነው። በሰም የተያዘው ቁራሽ በላቦራቶሪው ስለሚቀመጥ፣ ጥርጣሬ ከተነሣ ለሌላ ፓቶሎጂስት ተልኮ እንደገና ሊታይ ይችላል።