ልጁን ማን ይያዝ?
ማለዳ መስቀል አደባባይ ብቅ ያለ ሰው ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጠውን ወጣት አይቶ «ከተማው ስፖርተኛ ሆኗል» ሊል ይችላል። የእኔ ዓይን ግን የሚፈልገው የቀሩትን ነው፤ በዚያ ሰዓት ምሳ ዕቃ የምታሰናዳውን እናት፣ አልጋ ላይ የዋለ አባቱን የሚያገላብጠውን ልጅ። ስንፍና ነው የሚል ካለ አንድ ጠዋት ይተካቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ደግሞ እንቅስቃሴው በአንድ ጊዜ ቢያንስ 10 ደቂቃ መቆየት አለበት የሚለውን የቀድሞ ገደብ አንስቶታል። ለባለቤተሰብ ትልቁ ዜና ይህ ነው። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ልጅ አዝላ፣ ዘንቢል አንጠልጥላ አራተኛ ፎቅ የምትወጣ ሴት ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ልቧ እየሠራ ነው፤ ይቆጠርላታል። ይህን ስል ግን «የቤት ሥራው ይበቃታል» ለሚሉ ባሎች ሰበብ እያቀበልኩ አይደለም። ማዕድ ቤት ቆሞ መዋል ወገብ ይቆርጣል እንጂ ልብ አያጠነክርም (ድካም ሁሉ ስፖርት ቢሆን ኖሮማ የአገራችን እናቶች በጤና የሚያህላቸው ባልተገኘ)። ስለዚህ ጂም ከመመዝገብ በፊት ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይቀድማል፦ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ልጁን ማን ያስተኛል? ወጡን ማን ያማስላል? አባወራው ተራውን ከያዘ እሷ ስኒከሯን አጥልቃ ሰፈሩን በፈጣን እርምጃ ዞራ ትመለሳለች፤ ጨለማው ካሳሰባት ከጎረቤቷ ጋር። ሕፃኑም ከአባቱ ጋር ግማሽ ሰዓት ቢነጫነጭ ምንም አይሆንም።