ለይርጋጨፌ ስም የወጣው ገንዘብ

የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ሲነሳ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ከመቶው ብር ስንቱ ድሃው ጋ ደረሰ? ስንቱስ በደመወዝና በላንድክሩዘር አለቀ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን ያሳስታል። ጌዴኦን ያየ ምክንያቱን ይረዳል።

ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትሞክር የዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስም አንገራገረ። በ1942 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ የተመሠረተው ኦክስፋም ከአሜሪካ እህት ድርጅቱ ጋር ሆኖ ከኢትዮጵያ ጎን ቆመ። ከ90 ሺህ በላይ ሰዎች ኩባንያውን ወተወቱ። በ1999 ዓ.ም በሰኔ ወር ስታርባክስ ስምምነቱን ፈረመ።

እንዲህ ያለ ዘመቻ ገንዘቡን የሚያወጣው ለባለሙያ ደመወዝ፣ ለጥናትና ለሕትመት ነው። ይርጋጨፌ ወረዳ ኢዲዶ ቀበሌ ውስጥ ጉድጓድ አይቆፍርም፣ አርማ ያለበት ሰሌዳም አይተክልም። በመቶኛ ብቻ ለሚመዝን ሰው ብክነት ሊመስል ይችላል። የኢዲዶ ቡና በዓለም ገበያ የሚሸጥበት ስም ግን የተከበረው በዚህ ዓይነቱ ወጪ ጭምር ነው።

እርግጥ ስም ብቻውን አያበላም። በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲፈናቀል ያስፈለገው ዱቄት፣ ሸራና ብርድ ልብስ ነበር። ያኔም ቢሆን እርዳታው በሰዓቱ ይድረስ ወይም ይዘግይ፣ መቶኛው አይናገርም።

የ2011 ዓ.ም የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ገደቡ አባካኙን ይይዝ ይሆናል፤ ሥራው ለማን እንደጠቀመ ግን አይጠይቅም። የእንግሊዝ መንግሥትም የውጭ እርዳታውን እስከ 2027 እ.ኤ.አ. ከብሔራዊ ገቢው ወደ 0.3 በመቶ እንደሚያወርድ አስታውቋል። ገንዘብ ባነሰ ቁጥር ድርጅቶች ለፎቶ የሚመች፣ በቁጥር የሚቆጠር ሥራ ብቻ እንዲመርጡ ይገፋፋሉ።

ማንቸስተር ሆኖ አምስት ፓውንድ የሰጠ ሰው የድርጅቱን ዓመታዊ ሒሳብ በአገሩ ተቆጣጣሪ መዝገብ ላይ በቋንቋው ያነባል። በስሙ የተለመነለት የጌዴኦ ገበሬስ? በወረዳው ምን ያህል እንደወጣና ለምን እንደዋለ በጌዴኡፋና በአማርኛ ቀበሌው ላይ ተለጥፎ ማየት አለበት። ያኔ «ይሄ ጠቅሞናል፣ ያኛው ግን ለይስሙላ ነው» ብሎ ይፈርዳል። የእርዳታ ትክክለኛው ኦዲተር እሱ ነው።