ማሳሰቢያ፦ ያላዘዛችሁት ፓኬጅ በስማችሁ ሲመጣ

ይህ ማሳሰቢያ በአሜሪካ ለምትኖሩ ወገኖቻችን ነው፤ በተለይም ቀኑን ቤት ለሚውሉ እናቶችና አባቶች፣ እነሱን ቤት ትተው ሥራ ለሚሄዱ ልጆቻቸውም። ማንም ያላዘዘው ዕቃ በስማችሁ ተጽፎ በራችሁ ላይ ብታገኙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ራሱ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ዕቃው አድርጉ የሚላችሁን ስታደርጉ ነው፤ ውስጡ ያለውን ኮድ በስልክ ስታነሱ፣ ወረቀቱ ላይ ወደተጻፈው ቁጥር ስትደውሉ፣ ወይም «በስህተት ነው የመጣው» እያለ በር ለሚያንኳኳ ሰው ስታስረክቡ።

በቅድሚያ ቤተሰቡን ጠይቁ። ልጅ አዝዞ ሊሆን ይችላል፤ ዳላስ ወይም ሲያትል ያለ ዘመድ ለልደት ወይም ለምርቃት ልኮ ሊሆን ይችላል። ሁሉም «እኔ አይደለሁም» ካለ ግን ስማችሁና አድራሻችሁ የማታውቁት ሰው እጅ ገብቷል ማለት ነውና ነገሩን በዋዛ አትለፉት።

እንዲህ ያለው ፓኬጅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው «ብሩሺንግ» በሚባለው የማጭበርበር ዘዴ ነው። እንደ አማዞን ባሉ የኢንተርኔት ገበያዎች ገዢ የሚስበው የደንበኞች አስተያየትና የኮከብ ብዛት ነው፤ ዕቃውን በእርግጥ ገዝቶ ለተረከበ ሰው አስተያየት ደግሞ የበለጠ ክብደት ይሰጠዋል። ስለዚህ አጭበርባሪው ሻጭ የእናንተን ስምና አድራሻ ከሆነ ቦታ አግኝቶ በስማችሁ አካውንት ይከፍታል፤ ከራሱ ሱቅ ራሱ ይገዛል፤ ከዚያም ለመላክ የሚረክሰውን ነገር፣ የውሸት ቀለበት ወይም የፀጉር ማስያዣ፣ ወደ እናንተ ይልካል። ፓኬጁ ቤታችሁ መድረሱ ሲመዘገብ ሽያጩ እውነተኛ ይመስላል። በማግስቱ ስለማታውቁት ዕቃ በስማችሁ ባለ አምስት ኮከብ ምስጋና ይጻፋል፤ ያንን አንብቦ ገንዘቡን የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው።

የዚህ በሰፊው የታወቀው ምሳሌ በ2020 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ላይ የታየው ነው። በ50ዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች ሰዎች ያላዘዙት የተክል ዘር በፖስታ ደረሳቸው። ብዙዎቹ የቻይና ማኅተም ነበረባቸው፤ «ጌጣጌጥ» ተብሎ የተጻፈባቸውም ነበሩ። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ከመረመራቸው ውስጥ ሰናፍጭ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ናናና ጽጌረዳ የተገኙ ሲሆን፣ ጉዳዩም ብሩሺንግ እንደሚመስል አስታወቀ። ያም ሆኖ ትእዛዙ ጥብቅ ነበር፦ አትዝሩ፣ ቆሻሻ ውስጥም አትጣሉ፣ ከነፖስታው አስቀምጣችሁ ለግዛታችሁ የግብርና ቢሮ አሳውቁ። ይህን የማነሳው ጓሮ ያለው ወገናችን ጎመን፣ ጤና አዳምና በሶብላ መትከል ስለሚወድ፣ በነጻ የመጣ ዘርም አፈር ስለሚያስመኝ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው የምናውቅ እኛ፣ ምንነቱን የማናውቀውን ዘር ከማንም በላይ ልንፈራው ይገባል።

ብዙ ሽማግሌዎቻችንን የሚያስጨንቃቸው ግን ሌላ ነው። «የሰው ገንዘብ እንዴት እበላለሁ? ነገ ዕዳ ይሆንብኝ የለም ወይ?» ይላሉ። ይህ የጨዋ ሰው ጭንቀት ነው፤ መልስም አለው። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት ሳታዙት በስማችሁ የተላከላችሁን ዕቃ እንደ ስጦታ የመያዝ መብት አላችሁ። መክፈል የለባችሁም፣ መመለስም አትገደዱም፤ ላኪው «ክፈሉ» ብሎ ሒሳብ ቢልክባችሁ ይህ ራሱ ሕገ ወጥ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የምትኖሩም ተመሳሳይ ጥበቃ አላችሁ፤ ዝም ማለታችሁ እንደ መስማማት አይቆጠርም። በር ላይ «ተቀብላችሁ ሒሳቡን ክፈሉ» የሚል ካጋጠማችሁ ግን አትቀበሉ፤ ይዞት ይመለስ።

ይህ መብት የሚሠራው ፓኬጁ ላይ ያለው ስም የእናንተ ሲሆን ብቻ ነው። የጎረቤት ወይም ቀድሞ እዚያ ቤት ይኖር የነበረ ሰው ስም ከሆነ አትክፈቱት። ለጎረቤት አድርሱ፣ አለዚያም እንደታሸገ ለፖስታ አመላላሹ መልሱ። የሰውን ፖስታ እያወቁ ከፍቶ ማስቀረት በፌዴራል ሕግ ያስከስሳል።

አሁን አሁን ፓኬጁ ውስጥ አንዲት ካርድ ትጨመራለች፤ «ስጦታውን ማን እንደላከላችሁ ለማወቅ ይህን ስካን አድርጉ» የምትል፣ ኪውአር ኮድ ያለባት። ኤፍቢአይ በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ኮዱን በስልካችሁ ካሜራ ስታነሱት የባንክና የካርድ ቁጥር ወደሚጠይቅ ገጽ ሊወስዳችሁ፣ ወይም ከስልካችሁ መረጃ የሚሰርቅ ፕሮግራም ሊያስጭናችሁ ይችላል። አጭበርባሪዎቹ ላኪውን ሆን ብለው ስም የለሽ ያደርጉታል። ስም የለሽ ስጦታ የደረሰው ሰው «የትኛው ዘመዴ አስታወሰኝ?» ማለቱ ስለማይቀር ኮዱን ያነሳል። እውነተኛ ዘመድ ደውሎ «ደረሰልህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ካርዷን ቀድዳችሁ ጣሉ።

ከሁሉም በላይ አደገኛው ግን ፓኬጁ ውስጥ ውድ ነገር፣ ለምሳሌ አዲስ ስልክ ሲገኝ ነው። ያ ብሩሺንግ አይደለም፤ እንደ ስጦታም አይያዝም። አንድ ሌባ የስልክ ኩባንያ አካውንታችሁን ሰብሮ ወይም በመታወቂያ መረጃችሁ አዲስ ከፍቶ በዱቤ ስልክ አዝዟል። ኩባንያው የሚልከው መዝገቡ ላይ ወዳለው አድራሻ ስለሆነ ዕቃው እናንተ ዘንድ ይደርሳል፤ ለሌባው የቀረው ሥራ ከእጃችሁ መውሰድ ብቻ ነው። ስለዚህ ወይ የኩባንያው ሠራተኛ ነኝ ብሎ ይደውልና «ተሳስተን ነው፣ በምንልክላችሁ አድራሻ መልሱልን» ይላል፤ ወይ ደግሞ የአድራሽ ድርጅት ሰው መስሎ በር ያንኳኳል። ከሰጣችሁት ስልኩ ሄደ፣ ዕዳው ግን በስማችሁ ቀረ።

በዚያ ሰዓት ቤት ያለው ማን ነው? የልጅ ልጅ ልትጠብቅ የመጣች እናት። እንግሊዝኛው ቶሎ አይገባትም፤ በር ላይ የቆመን ሰው ማመናጨቅ አስተዳደጓ አይፈቅድላትም፤ የሰው ንብረት ቤቷ እንዲያድርም አትፈልግም። ሌቦቹ የሚጠቀሙበት ይህንኑ ጨዋነት ነው። እባካችሁ ልጆች፣ ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው፦ በር አትክፈቱ፣ የመጣ ፓኬጅ ለማንም አትስጡ፣ ሰውየው አልሄድ ካለ ወይም ከዛተ 911 ደውሉ። እናንተም ማታ ስትገቡ በወርሃዊ ሒሳባችሁ ላይ ባለው የኩባንያው ቁጥር ደውሉ ወይም ሱቁ ድረስ ሂዱ። ስልኩን እዚያው መልሱ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ በስማችሁ የተከፈተው እንዲዘጋም በጽሑፍ ጠይቁ።

የፓኬጁ ዓይነት ምንም ይሁን፣ በዚያው ቀን የባንክ፣ የካርድና የኢንተርኔት ገበያ አካውንቶቻችሁን ከፍታችሁ የማታውቁት ግዢ እንዳለ እዩ፤ የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ፤ ለሁሉም አካውንት አንድ ቃል መጠቀምም ይቅር። የክሬዲት ሪፖርታችሁን በ1-877-322-8228 ደውላችሁ በነጻ ማዘዝ ትችላላችሁ። የማታውቁት ብድር ካለበት፣ ወይም እንደ ስልኩ ያለ ነገር ከደረሰባችሁ፣ በክሬዲት መዝጋቢዎቹ በኤክዊፋክስ፣ በኤክስፒሪያንና በትራንስዩኒየን ክሬዲታችሁን አስቆልፉ፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍያ የለውም። ሦስቱም ጋር ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ስታደርጉ ወላጆቻችሁን አትርሱ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ካገኙ በኋላ ብድር ወስደው ስለማያውቁ ሪፖርታቸውን የሚያይላቸው የለም፤ በስማቸው የተከፈተ ዕዳ የክፍያ ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ ሳይታወቅ ይቆያል።

ዱቄት የሚያፈስ፣ ቅባት የወጣበት፣ እንግዳ ሽታ ያለው ወይም ሽቦ የሚታይበት ፓኬጅ ከሆነ አትነቅንቁት፣ አታሽትቱት። ባለበት ትታችሁ ከክፍሉ ውጡ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና 911 ደውሉ።

ሰው ይስቅብኛል ብላችሁ አትደብቁ። በፖስታ ቤት በኩል የመጣ ከሆነ ለፖስታ መርማሪዎች በ1-877-876-2455፣ ማጭበርበሩን ደግሞ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1-877-382-4357 አመልክቱ፤ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ ተናገሩ። በስማችሁ ዕዳ ተከፍቶ ከሆነ የኮሚሽኑ የማንነት ስርቆት መስመር 1-877-438-4338 ነው። ዕቃው የተላከበትን የኢንተርኔት ገበያ ካወቃችሁም በስማችሁ የተጻፈው አስተያየት እንዲነሳ ጠይቁ። ከመደወላችሁ በፊት የፓኬጁን አድራሻና ቁጥር ፎቶ አንሱ፤ ካርቶኑንም አመልክታችሁ እስክትጨርሱ አትጣሉት።