ያቺን ትንሽ በር ማን ይክፈታት?

ቅዳሜ ጠዋት፤ መቀሌ። የሰፈራችን የውሃ ፈረቃ የደረሰበት ቀን ስለሆነ ግቢው ሠርግ ቤት መስሏል። ሮቶው ይሞላል፣ በርሜሉ ይሞላል፣ ጄሪካኖቹ ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። እናቴ መብራት ሳይጠፋ ልቅደም ብላ የሁለት ሳምንት ልብስ ማሽኑ ውስጥ ከተተች። ማሽኑ ሲያጉረመርም ቆየና ድንገት ቀጥ አለ። በመስታወቱ ሲታይ ልብሱ የጠቆረ ውሃ ውስጥ ተዘፍቋል። በሩ አልከፈትም ብሏል። ግንባሩ ላይ ሁለት ፊደላት ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ «ኦ» እና «ኢ»።

እኔስ ምን አደረግኩ? የዘመኑ ልጅ አይደለሁ! ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁና ለአንድ ጠጋኝ ላክሁለት። «ፓምፑ ተቃጥሏል፣ ይቀየራል» አለኝ። የጠራው ዋጋ የወር ደመወዜን ግማሽ ይዞ የሚሄድ ነው። «እንግዲህ እስከ ደመወዝ ይቆያላ!» ብዬ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ነገሩ ለእኔ እዚያው ላይ አለቀ።

ለእናቴ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስወጣ የኩሽናው ወለል ባሕር ሆኗል። ማሽኑን ከሶኬት ነቅላ፣ የበሩ ቁልፍ እስኪለቅ ጠብቃ፣ ውሃውን በጆግ እየቀዳች ባልዲ ውስጥ ትገለብጣለች። ልብሱ ሳፋ ላይ ተከምሯል። ጎንበስ ብላ፣ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚጠዘጥዛትን እጇን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራ ታሻለች። «ላግዝሽ» ስላት «ተው ወደይ፣ አንተ ሥራህን ሥራ» አለችኝ። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ትንሽ ተግደርድሬ ተውኩት።

በማግስቱ የጎረቤታችን ልጅ ቡና ልትጠጣ መጣች። ቴክኒክና ሙያ የምትማር ልጅ ናት። ታሪኩን ሰምታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «ኣደይ፣ ታች ያለችውን ትንሽ በር ከፍተዋት ያውቃሉ?»

የምን በር? ማሽኑ ቤታችን ከገባ አራት ዓመቱ ነው። እናቴ በየሳምንቱ አቧራውን ትወለውለዋለች። እኔ ደግሞ ስልኬን ቻርጅ ሳደርግ እላዩ ላይ አስቀምጣለሁ። በሩን ያየው ግን የለም። ልጅቷ ፎጣና ዝርግ ትሪ አስመጣችና ተንበረከከች። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። ትሪው ላይ የወጣውን ልቁጠርላችሁ፦ ሁለት ሳንቲሞች፣ አንድ የፀጉር ማስያዣ፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ከሳሙና ጋር ተለውሶ ጭቃ የሆነ ክር። ፓምፑ ጤነኛ ነው። በቤታችን የባጃጅ መልስ ሱሪ ኪሱ ውስጥ ረስቶ ልብሱን ለእጥበት የሚወረውር ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ያ ሰው ይህን ጽሑፍ እየጻፈላችሁ ነው።

መጀመሪያ ሙያውን እንካችሁ

ወቀሳው ይቆየንና ውሃ አልለቅ ያለ ማሽን ያላችሁ ሰዎች እንዳትጉላሉ ሙያውን ላስቀድም። ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ምልክት ራሱ ይናገራል። በኤልጂ ማሽኖች «ኦኢ»፣ በሳምሰንግ «5ኢ» ወይም «5ሲ»፣ በብዙ የቦሽ ማሽኖች «ኢ18» ሲል «ውሃው አልወጣልኝም» ማለቱ ነው። «ፓምፔ ተቃጥሏል» ማለቱ አይደለም! እኔና ያ ጠጋኝ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ከሶኬት ንቀሉት። ውሃው ትኩስ ከሆነ እስኪበርድ ጠብቁ። ሁለተኛ፣ ከኋላ ያለውን የቆሻሻ ውሃ ቱቦ እዩት። ማሽኑን ወደ ግድግዳ ስትገፉት ታጥፎ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ በሽታው ይኸው ነው። ፓምፕ ላለው ማሽን የቱቦው ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት። በጣም ከወረደ ገና እየሞላ ሳለ ውሃው ይፈሳል፤ በጣም ከወጣ ፓምፑ መግፋት ያቅተዋል።

ሁለት ሆድ ያለው፣ በአንዱ አጥባችሁ በሌላው የምትጨምቁበት ዓይነት ከሆነ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። አብዛኞቹ ፓምፕ የላቸውም፤ ውሃው የሚወጣው ቁልቁል በመፍሰስ ብቻ ነው። ስለዚህ ቱቦው መሬት ላይ መተኛት አለበት። «ወለሉ እንዳይረጥብ» ብላችሁ ባልዲ አፍ ላይ ከሰቀላችሁት ማሽኑን እናንተው አንቃችሁታል።

ሦስተኛ፣ ያቺ ትንሽ በር። ከፊት ለፊት በሚከፈቱት ማሽኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከታች በቀኝ ወይም በግራ በኩል ትገኛለች። ውስጧ ፊልትሮው አለ። ትሪ ደቅኑ፣ ፎጣ አንጥፉ። አጠገቡ ቀጭን ቱቦ ካለ ክዳኑን አውልቁና መጀመሪያ ውሃውን በእሱ አስወጡ። ከሌለ ፊልትሮውን ወደ ግራ ቀስ እያላችሁ አላሉት፣ ትሪው ሲሞላ መልሳችሁ አጥብቁት፣ ድፉና እንደገና ጀምሩ። የሚወጣውን ውሃ ግን በከንቱ አትድፉት። በፈረቃ ውሃ የምንጠጣ ሰዎች ነን፤ ለሽንት ቤት ይሆናል።

አራተኛ፣ ፊልትሮው ሲወጣ ጉድጓዱን በስልክ ባትሪ አብርታችሁ እዩት። ቬንቲሌተር የመሰለች ትንሽ መዘውር ታያላችሁ። በጣታችሁ ወይም በቀጭን እንጨት አዙሯት። እየተንገጫገጨች ብትዞር አትደንግጡ፤ ውስጧ ያለው ማግኔት ነው። ፀጉር ወይም ክር ተጠምጥሞባት ከሆነ ፍቱላት። ፊልትሮውን አጥባችሁ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ መልሱና ውሃ ማስወጫውን ብቻ አስነሱት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ፓምፑ ጭራሽ ድምፅ ካላሰማ፣ ወይም የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ፣ እዚያ ላይ አቁሙ። ያ የባለሙያ ሥራ ነው። ባለሙያ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ለሳንቲም ለቀማ አትጥሩት ነው የምለው።

ሁለት ነገር ደግሞ ለመቀሌ ሰው ልጨምር። ከተማችን የተቀመጠችበት አካባቢ ዓለቱ በብዛት የኖራ ድንጋይ ነው፤ የሥነ ምድር ሊቃውንት ስሙን ከደቡባችን ካለችው ሕንጣሎ ወስደው «አንታሎ» ይሉታል። ከአይናለም ጉድጓዶች የምናወጣው ውሃም ከባድ ውሃ ነው። ካላመናችሁ የሻይ ጀበናችሁን ክዳን ከፍታችሁ ነጩን ቅርፊት እዩት። እንዲህ ያለ ውሃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ ዝቃጭ ይሠራል፤ በርሜል ውስጥ የከረመ ውሃ ደግሞ አሸዋ ይጨምርበታል። ስለዚህ ፊልትሮውን ቢያንስ በወር አንዴ ማጠብ ለእኛ ግዴታ ነው። ሁለተኛው፣ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ንቀሉት። መብራት ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ጉልበት አይታወቅም።

የተረፈው ጊዜ የማን ነው?

ሟቹ ስዊድናዊ ሐኪም ሃንስ ሮዝሊንግ በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ያደረገው ዝነኛ ንግግር አለ። ማሽኑ ቤታቸው በገባ ቀን አያቱ ወንበር ስባ ማሽኑ አጥቦ እስኪጨርስ ቁጭ ብላ እንዳየችው ይተርካል። ማሽኑ ለእናቱ የሰጣት ትልቁ ነገር ንጹሕ ልብስ ሳይሆን ጊዜ ነው፤ በዚያ ጊዜ ልጇን ይዛ ቤተ መጻሕፍት ሄደች።

ይህን ንግግር ስሰማ ጭንቅላቴን ነቅንቄ አድንቄያለሁ። ግን ልብ በሉልኝ! ማሽን ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ የተበላሸ ማሽን ያንን ጊዜ ይነጥቃል። ከማን ነው የሚነጥቀው? ቅዳሜ ዕለት ከእኔ የተነጠቀ ነገር አልነበረም። ፊልሜን ጨርሻለሁ። የተነጠቀችው እናቴ ናት። በሌላው ቤት እህት ናት፤ በሌላው ቤት ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ናት። ማሽኑ «እስከ ደመወዝ» በቆመ ቁጥር ልብሱ እስከ ደመወዝ አይቆይም፤ አንዲት ሴት ወገብ ላይ ይጫናል። እኛም «ማሽኑ ተበላሽቷል» ስንል የምናወራው ስለ ማሽኑ ብቻ ነው።

ደግሞስ መክፈት የማናውቅ ሰዎች ነን እንዴ? ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ የነበረውን ጊዜ አስታውሱት። ባንክ ዝግ፣ ስልክ ዝግ፣ መንገድ ዝግ። ነዳጅ ስለጠፋ ከተማው በእግርና በብስክሌት ይሄድ ነበር። መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ከሌላ የሞተ ዕቃ ሆድ ውስጥ ነበር የሚመጣው። ራዲዮኑንም፣ ምጣዱንም፣ ብስክሌቱንም በገዛ እጃችን እየፈታን ገጠምን። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ፤ በኅዳር መጨረሻ መቀሌ ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ተገናኘች። እሰየው! ግን ሱቁ ሲከፈት እኛ ተዘጋን። ያን ጊዜ የተማርነውን «ቆይ እስኪ ከፍተን እንየው» የሚለውን ነገር ከጄሪካን ወረፋው ትዝታ ጋር አብረን ጣልነው። የሚያሳዝነው፣ ያን ጊዜም ቢሆን ወንዶቻችን የፈታነው ሬዲዮና ብስክሌት ነው። ሳፋው ዘንድ የደረሰ አልነበረም።

ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው

ከዚሁ ከትግራይ ምድር አንድ ታሪክ ልጨምር። በ1964 እ.ኤ.አ. ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ስለ ብልሃርዚያ ለማጥናት አድዋ ነበር። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። እንዶድ እናቶቻችን ሁሉ የሚያውቁት ሳሙና ነው፤ ብርቅ አይደለም። እሱ ግን እጥበቱ ካለበት ቦታ ዝቅ ብሎ ውሃው የሚወርድበትን ተመለከተ። ብልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይንሳፈፋሉ። ከዚያች ምልከታ የተነሣው ምርምር በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አስገኘ።

ያንን ውሃ ስንቱ የተማረ ሰው እየተሻገረ አልፎታል? ልብስ እጥበት ስለሆነ፣ የሴት ሥራ ስለሆነ፣ የሚታይ ነገር ያለበት አይመስለውም ነበር። አክሊሉ ግን አየ። የእኔ ማሽን ከሳንቲም በቀር ያወጣው ግኝት የለም፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። የእጥበቱ ውሃ የት እንደሚሄድና ለምን እንደቆመ ለማየት ጎንበስ ያላልነው ስለማንችል አይደለም። የእኛ ጉዳይ ስላልመሰለን ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ስንቱ ወገን ዓመታትን በመጠለያ ባሳለፈበት ከተማ ስለ ማጠቢያ ማሽን ታወራለህ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ማሽን ያለው ጥቂቱ ነው፤ ብዙው ቤት የሚያጥበው በሳፋ ነው። እኔም የምለው ስለ ሳፋውም ነው። ሳፋ አይበላሽም፤ ሳፋው ላይ ያለችው ሴት ግን ትደክማለች። የእሷን ፊልትሮ ከፍቶ «ምን ተጠራቅሞብሽ ነው?» የሚላት ማን ነው?

ሌላው ደግሞ «እንግዲህ ጥገና የወንድ ነው ልትለን ነው» ይል ይሆናል። የለም! የእኛን ማሽን የጠገነችው ልጅ ሴት ናት፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እኔ የምለው ጥገናው የወንድ ነው ሳይሆን እጥበቱም የሁላችን ነው ነው።

አሁን ቤታችን ውስጥ ሕግ ወጥቷል። ልብስ ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ኪሱን የሚፈትሸው ባለቤቱ ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ትሪና ፎጣ ይዞ የሚንበረከከው እኔ ነኝ። ማሽኑ ከቆመ ደግሞ እስኪሠራ ድረስ ሳፋው የእኔ ነው። ይቺን የመጨረሻዋን ስነግራት እናቴ ሳቀች፤ አላመነችኝም። አልፈርድባትም። እስኪ ቀጣዩ ብልሽት ይምጣና እንተያያለን።

እናንተም ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ጎንበስ በሉና ያቺን ትንሽ በር ፈልጓት። ካገኛችኋት የመጀመሪያው ሳንቲም የእናንተ እንዳይሆን ጸልዩ።

ቸር እንሰንብት!