የቀድሞ ሴት ተማሪዎች ማኅበር ለአምበር

ስለ ሴቶች ትምህርት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስንት ተመዘገቡ፣ ስንት አለፉ እየተባለ ነው። እኔ ግን ከትምህርት ቤት ስለ ወጡት እኅቶቻችን ጥቂት ቃል ለማቅረብ እወዳለሁ። በቅድሚያም ነገሩ በሌላ አገር እንዴት እንደ ተሠራ እንመልከት።

በአሜሪካ አገር ሶሮሪቲ የሚባል የእኅትማማች ማኅበር አለ። ሴቶች በዩኒቨርሲቲ ሳሉ ይገቡበታል፤ ከተመረቁም በኋላ በሚኖሩበት ከተማ የምሩቃን ክበብ አቋቁመው ይቀጥላሉ። ከነዚህም አንዱ አልፋ ካፓ አልፋ የሚባለው፣ በጥር 1900 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1908) በዋሽንግተን ከተማ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ሴቶች ተማሪዎች የመሠረቱት ነው። ስለ ሶሮሪቲ የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ የልብሱ ቀለምና የግብዣው ነገር ነው፤ እርሱን እንተወው። የሚያስደንቀው በ1927 ዓ.ም. ክረምት የጀመሩት ሥራ ነው። ሐኪሞች፣ ነርሶችና አስተማሪዎች የሆኑት አባሎች በመኪና ወደ ሚሲሲፒ ገጠር ወረዱ። የእርሻ ጌቶች ሠራተኞቻቸው ወደ ክሊኒኩ እንዳይሄዱ በከለከሉ ጊዜም መድኃኒቱን በመኪና ጭነው እስከ ጥጥ እርሻው ድረስ ሄዱ። ለድኾች ልጆችም የፈንጣጣና የዲፍቴሪያ ክትባት እየሰጡ እስከ 1934 ዓ.ም. ድረስ በየክረምቱ ተመላለሱ።

በዚያው በ1927 ዓ.ም. በአገራችን የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ማኅበሩ ገና ሳይጠና ኢጣልያ ስለ ወረረችን ሴቶቹ ለዘማቹ ፋሻና ልብስ ማዘጋጀት ያዙ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተውን የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤትም ከነጻነት በኋላ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በዲሬክተርነት መርተውታል፤ እርሳቸውም ኋላ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል።

ይሁን እንጂ ከሁለቱም ማኅበሮች የማልቀበለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የአባል አመራረጥ ነው። ሶሮሪቲ የሚገባበት በግብዣና በምርጫ ነው፤ የአዲስ አበባውም ሲጀመር የመኳንንት ወይዛዝርትና የውጭ አገር ሴቶች ጉባኤ ነበር። በአምበርም ዲግሪ ያላት ብቻ ትግባ ያልን እንደ ሆነ አባሎቹ ሁሉ በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ የሚኖሩ ይሆናሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለፋሲካ መጥተው ፎቶግራፍ ተነሥተው ይመለሳሉ። ከገጠር ስንቋን ተሸክማ መጥታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል የተከራየችው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን ሌሊት ብትታመም የማንን በር ታንኳኳ? በመንገድ ወንድ ቢያስቸግራትስ ለማን ትንገር?

የምታንኳኳው እዚሁ ያለችውን ነው፤ ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ ሱቅ የከፈተችውን፣ ፈተናው ሳይሆንላት ቀርቶ ጠላ የምትሸጠውን፣ ባል አግብታ ልጅ የምታሳድገውን። እነርሱም በዚያው ወንበር ተቀምጠው ተምረዋል። እናቶቻችን የጽዋ ማኅበር ሲጠጡ የምስክር ወረቀት አይጠያየቁም፤ ተራ የደረሳት ትደግሳለች፤ የቀረች እንደ ሆነ ምን ሆና ይሆን ተብሎ ትጠየቃለች። (ለመደገስ ተበድረው የሚቸገሩ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለእኛ ድግሱ ይቅር፤ መጠያየቁ ይበቃናል።)

ነገሩም የሚያስቸኩል ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ውጊያ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ ከቤት የዋለች ልጃገረድ ደግሞ ቶሎ ትዳራለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ቢያደርገውም፣ ሕጉ ከሰርጉ በፊት ደርሶ አባትን አያነጋግርም። እዚህ የምትኖር ሴት ግን ታነጋግረዋለች፤ በገበያ ቀን እህሉን ሸጦ ሲመለስ ከደጃፏ ያርፋልና።

አንዳንድ ሰዎች ማኅበር ከተባለ መዋጮ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ይኖራል። በሩቅ ያሉት ባለ ደመወዞች ለደብተር፣ ለሳሙና፣ ለወር አበባ መጠበቂያ የሚሆን ገንዘብ ይላኩ፤ ለየትኛዋ ልጅ ይሰጥ የሚለውን ግን እዚህ ያሉት ይወስኑ። የተማሩት ይህን እንደማይወዱት እገምታለሁ፤ ነገር ግን ልጂቱ ራት መብላቷንና አለመብላቷን የምታውቀው ጎረቤቷ ናት።

ክፍል ኪራይ የሚያዘው በመስከረም መጀመሪያ ስለ ሆነ የመጀመሪያው ስብሰባ በነሐሴ ቢደረግ ይሻላል። አስተማሪዎቻችን የቀድሞውን የስም መዝገብ አገላብጠው፣ ያቋረጡትንም ጭምር ስማቸውን ቢያወጡልን፣ ጥሪውን እኛ የ12ኛ ክፍል ሴቶች በየቤቱ እናደርሳለን።